ስለ ማስተርስ ስኮላርሺፕ የጠየቃችሁኝና መልሶቼ

ሰላም የባህር ዳር ልጆች፣ ከፔዳም ከፖሊም ከዘንዘልማም ግቢ የተመረቃችሁ ሰሞኑን ስለ ስኮላርሺፕ ብዙ ጠይቃችሁኛል፣ ለየብቻ ከምመልስ ሁሉም ቢያነበው ይሻላል ብዬ አንድ ላይ አድርጌዋለሁ። እኔ የማያቸው ልጆች ብዙዎቹ የሚቀሩት ሰንፈው አይደለም፣ ወረቀታቸው ስላልተስተካከለ ነው፣ ስለዚህ ስለ ወረቀት ብጨቀጭቃችሁ አትሰልቹኝ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የተመረቅኩት 2015 ነው፣ ስኮላርሺፕ የሚሰጠው የጀርመኑ ድርጅት ዳድ (DAAD) ደግሞ ዲግሪው ከ6 ዓመት በላይ መሆን የለበትም ይላል። አለፈብኝ ማለት ነው?

መልስ፦ ኧረ አላለፈብህም! ሐምሌ 2015 ዓ.ም ማለት በነሱ ጁላይ 2023 ነው። ፎርሙ ላይ ዝም ብለህ 2015 ብለህ ከሞላህ ግን ከእውነተኛው ጊዜ ሰባት ስምንት ዓመት ቀድመህ የጨረስክ ትመስልና ገና ሳትነበብ ትወድቃለህ። አሁኑኑ ቴምፖራሪህን (ጊዜያዊ የዲግሪ ወረቀትህን) አውጣና ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ እይ። ዳድ ኢፖስ በሚባለው ፕሮግራሙ ከምርቃት በኋላ የ2 ዓመት የሥራ ልምድም ይፈልጋል፣ የመሥሪያ ቤትህን ደብዳቤ ስታጽፍ ቀኑን በፈረንጆቹ እንዲያደርጉልህ ንገራቸው። ስምህንም እይ፣ ዲግሪው ላይ "ፀ" በቲኤስ ተጽፎ ፓስፖርቱ ላይ በቲ ብቻ ከሆነ ሁለት ሰው ነህ ይሉሃል፣ ይሄ ደግሞ ለማስተካከል ጊዜ ይበላል፣ ስኮላርሺፑ እስኪከፈት አትጠብቅ።

ጥያቄ፦ ኮስት ሼሪንግ (የትምህርት ወጪ መጋራቱን) አልከፈልኩም፣ በቴምፖራሪ ማመልከት እችላለሁ?

መልስ፦ ለማመልከት ብዙዎቹ ቴምፖራሪና ስቱደንት ኮፒ ይቀበሉሻል እህቴ። ካለፍሽ በኋላ ግን ኦሪጅናልና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አምጪ ይሉሻል፣ እሱ ደግሞ ኮስት ሼሪንግ ሳይዘጋ አይወጣም። እየሠራሽ ከሆነ ቀስ በቀስ ዝጊው።

ጥያቄ፦ ጂፒኤዬ 2.7 ነው፣ ተስፋ ልቁረጥ?

መልስ፦ አትቁረጥ፣ ግን ቦታህን ምረጥ። ዳድ ላይ ውጤት በጣም ስለሚያዩ ይከብድሃል። የእንግሊዙ ቼቭኒንግ ግን ሥራህንና ሰው የመምራት ችሎታህን አጥብቆ ያያል፣ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ማለትም ሁለት ዓመት ገደማ፣ በጎ ፈቃድና ኢንተርንሺፕም ይቆጠርልሃል፣ ስትጨርስ ደግሞ ቢያንስ 2 ዓመት አገርህ ተመልሰህ መቆየት አለብህ። በእርግጥ የመረጥካቸው የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው መቀበል አለባቸው፣ የነሱን መስፈርት አስቀድመህ አንብብ።

ጥያቄ፦ ሞቲቬሽን ሌተር ላይ ምን ልጻፍ? ቻትጂፒቲ አጻፍኩና ምንም የኔ አልመስል አለኝ።

መልስ፦ ያንተ አልመስል ማለቱ ጥሩ ነው፣ ጆሮህን እመነው። እኔ ጋ ለእርማት የሚመጡት ደብዳቤዎች "አገሬ ታዳጊ ናት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሕዝቤን መርዳት ሕልሜ ነው" ብለው ይጀምራሉ፣ ሃያውን አንብበህ አንዱን ከሌላው አትለየውም። አንተ እኮ የጣና ልጅ ነህ! እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ ነው፣ ያኔ ልጅ ነበርክ፣ ከሱ ጋር ነው ያደግከው። የደምቢያና የፎገራ ገበሬ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው፣ የአሣ አጥማጁ መረብ ከአሣው ይልቅ አረም ይዞ ሲወጣ ያየ ሰው ለምንድነው "አካባቢ ጥበቃ እወዳለሁ" ብሎ የሚያልፈው? ያየኸውን ጻፍ፣ ቀጥሎ ያልገባህን ጻፍ፣ ለምሳሌ የተነቀለው አረም ዳር ላይ ተከምሮ ምን ይሁን፣ ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያ ምን ያህል ያበረታዋል፣ ከዛ ያ ዲፓርትመንት የትኛው ኮርሱ እሱን እንደሚመልስልህ በስሙ ጥቀስ። ነርስም ሁኚ አካውንታንት ያው ነው፣ ሥራሽ ላይ በየቀኑ የሚያስቸግርሽን አንድ ነገር ፈልጊ። ቻትጂፒቲ ሰዋስውሽን ያርምልሽ፣ ሐሳቡ ግን ያንቺ ይሁን።

ጥያቄ፦ ብር ከከፈልሽ አንድ ኤጀንት ያስጨርስልሻል ተብዬ ነበር፣ ልክፈል?

መልስ፦ አትክፈይ! ቼቭኒንግ፣ የቱርክ መንግሥት፣ የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ፣ እነዚህ ለማመልከት ሳንቲም አይጠይቁም፣ አላፊውንም ኤጀንት አይመርጥም። ገንዘብሽን ለፓስፖርትና ለእንግሊዝኛ ፈተናው ለአይልትስ ያዢው፣ አይልትስንም ተቻኩለሽ አትፈተኚ፣ ውጤቱ የሚያገለግለው 2 ዓመት ነው።

ጥያቄ፦ ውጭ መሄድ አልችልም፣ እናቴን የማስታምመው እኔ ነኝ። እዚሁ ልማር?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርልሽ። እዚህ መማር ማነስ አይደለም፣ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ በውሃ፣ በጨርቃጨርቅ፣ በግብርና የሚያስመካ ነገር አለው። ብሔራዊውን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ነው፣ ከዛ ዋናው ጥያቄ ማን ይከፍላል ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንሽ መሥሪያ ቤትሽ ስፖንሰር ሊያደርግሽ ይችላል፣ ስትጨርሺ ታገለግያለሽ የሚል ውል ስላለ ዓመቱን ሳታነቢ አትፈርሚ። ወደፊት ሁኔታሽ ከተቀየረ ደግሞ የአፍሪካ ኅብረቱን ፓን አፍሪካን ዩኒቨርሲቲ እዪ፣ የውሃና ኢነርጂው አልጄሪያ ትለምሴን ነው፣ ከዚህ ለተመረቀ የውሃ ኢንጂነር በጣም ይሆናል፣ ስኮላርሺፕም አለው።

ጥያቄ፦ ሬኮመንዴሽን የምፈልገው መምህር ራስህ ጽፈህ አምጣ አለኝ።

መልስ፦ አንተ ደብዳቤውን አትጻፍ፣ በአንድ ገጽ ምን ኮርስ እንዳስተማረህ፣ ሪሰርችህ ምን እንደነበር፣ ምን እንደምታመለክት ጽፈህ ስጠውና በራሱ ቃል ያድርገው። በዩኒቨርሲቲው ኢሜይሉ ይላክልህ ብለህም በትህትና ለምነው፣ በጂሜይል የመጣ ደብዳቤ ጥርጣሬ ያስነሳል።

ጥያቄ፦ 32 ዓመቴ ነው፣ ረፈደብኝ?

መልስ፦ ለቱርክ ማስተርስ አዎ፣ ከ30 በታች ይላሉ። ለቻይና መንግሥት ማስተርስ እስከ 35 ጊዜ አለሽ፣ ቼቭኒንግ የዕድሜ ገደብ የለውም።

ጥያቄ፦ ዴድላይኑ 12፡00 ዩቲሲ ይላል፣ ማታ 12 ሰዓት ነው?

መልስ፦ አይደለም! ዩቲሲ የዓለም የጋራ መለኪያ ሰዓት ነው፣ በኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ይሆናል። እኛ ጋ ደግሞ መብራቱም ኔቱም ስለማይታመን ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት ሰብሚት አድርጉት፣ ማመልከቻችሁ መድረሱን የሚነግራችሁን ኢሜይልም ስክሪንሹት ያዙ።