ከጣና ዳር፦ የኤሮዳይናሚክስ ተማሪዎች ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ውስጥ ለምህንድስና ተማሪዎች ፍሉድ መካኒክስንና (የፈሳሽና የጋዝ ፍሰት ትምህርት) ኤሮዳይናሚክስን (የአየር ፍሰትና የሚያሳርፈው ኃይል ትምህርት) ለዓመታት አስተምሬአለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ተማሪዎች በብዛት የሚያነሷቸው ጥያቄዎችና የሰጠኋቸው መልሶች ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ አፕላይድ ሦስት የሚባለውን የምህንድስና ሒሳብ ያለፍሁት በጭንቅ ነው። ኤሮዳይናሚክስን ብመዘገብ ያዋጣኛል?

መልስ፦ ያዋጣሃል። ከዚያ ትምህርት በየቀኑ የምትፈልገው ግራዲየንት (በቦታ የሚኖር ለውጥ)፣ ዳይቨርጀንስ (መበተን) እና ከርል (መሽከርከር) ምን እንደሚለኩ ማወቅን፣ እንዲሁም በዝግ መስመር ላይ ኢንተግራል መሥራትን ነው። ከርሉ ዜሮ የሆነ ፍሰት ምን ዓይነት እንደሆነ ለጓደኛህ በእጅህ እያሳየህ ማስረዳት ከቻልህ፣ ፈተናውን በሸመደደው ቀመር ካለፈው ተማሪ ትቀድማለህ። የቀረውን እየሠራህ ትደርስበታለህ።

ጥያቄ፦ በክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር መንገዱ ስለሚረዝምበት፣ ከታችኛው ጋር እኩል ለመድረስ ሲል ይፈጥናል ተብለን ተምረናል። ይህ ስሕተት ነው የሚባለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ክንፉ ፊት ላይ ተለያይተው የሄዱ ሁለት የአየር ቅንጣቶች ከክንፉ ኋላ እንዲገናኙ የሚያስገድዳቸው የተፈጥሮ ሕግ ስለሌለ ነው። ክንፉ ወደ ላይ በሚያነሳበት ጊዜ የላይኛው አየር ከታችኛው ቀድሞ ይደርሳል፤ ላይና ታቹ እኩል የሆነ ጠፍጣፋ ሳንቃም ቢሆን ትንሽ ዘንበል ካደረጉት ያነሳል። የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ በርኑሊ በ1738 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሐሳብ፣ ማለትም ፍጥነት በጨመረበት ግፊት ይቀንሳል የሚለው፣ ትክክል ነው፤ ሳይመለስ የሚቀረው አየሩ ለምን እንደፈጠነ ነው።

ምክንያቱ የክንፉ ስል የኋላ ጫፍ ነው። አየር ቪስኮሲቲ (የውስጥ ሰበቃ) ስላለው ያንን ስል ጫፍ ዞሮ ወደ ላይኛው ገጽ መውጣት አይሆንለትም፤ ስለዚህ ፍሰቱ ከሁለቱም ገጽ ጫፉን ተከትሎ በልስላሴ እስኪለቅ ድረስ በክንፉ ዙሪያ ሰርኩሌሽን (ክንፉን የሚዞር የፍሰት ድርሻ) ይፈጠራል። የሒሳብ ሊቃውንቱ ኩታ በ1902፣ ዡኮቭስኪ ደግሞ በ1906 እ.ኤ.አ. ይህንን በሒሳብ ከማንሻው ኃይል (ሊፍት) ጋር አገናኙት፦ በአንድ ሜትር የክንፍ ርዝመት ላይ ያለው ሊፍት የአየሩ እፍጋት (ዴንሲቲ)፣ የፍጥነቱና የሰርኩሌሽኑ ብዜት ነው። አየሩ ወደ ታች ስለተገፋ ክንፉ ወደ ላይ ይገፋል የሚለው የኒውተን አነጋገርም ይህንኑ ክስተት በሌላ በኩል የሚገልጽ ነውና፣ በሁለቱ መካከል ፍልሚያ ማስነሳት ጊዜ ማባከን ነው።

ጥያቄ፦ ሰርኩሌሽን የሚባለው ነገር በዓይን ይታያል? ዊንድ ተነል (አየር የሚነፍስበት የሙከራ ዋሻ) የማግኘት ዕድል የለንም።

መልስ፦ ይታያል፤ መሣሪያውም ደጃችሁ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ጣና ገና እንደ መስተዋት ረግቶ ሳለ በማለዳ ወደ ዳር ውረዱ። ጥልቀቱ እስከ ጉልበት በሆነና ደንገል በሌለበት ስፍራ ውኃው ላይ ጥቂት የጤፍ እብቅ በትኑ። ወርዱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀጭን ሳንቃ እንደ መቅዘፊያ ቀጥ አድርጋችሁ ንከሩት፤ ከምትጎትቱበት አቅጣጫ 10 ዲግሪ ያህል አዘንብላችሁ ድንገት አንቀሳቅሱት። እብቁ ሳንቃው በተነሳበት ቦታ ላይ ተጠምዝዞ አንድ ትንሽ አዙሪት ሠርቶ ይቀራል፤ ሳንቃው ሲሄድ አዙሪቱ አይከተለውም። በሳንቃው ዙሪያ የተፈጠረው ሰርኩሌሽን ከዚህ አዙሪት ጋር እኩልና ተቃራኒ ነው። ሳንቃውን ድንገት ብታቆሙት ደግሞ ሁለተኛ አዙሪት፣ በተቃራኒው እየዞረ፣ ይለቃል። ከላይ በስልክ ቅረጹት።

ውኃ ስለ አየር ይመሰክራል ወይ የሚል ካለ፣ መልሱ የሬይኖልድስ ቁጥር ነው፤ ይህም ፍጥነትና ወርድ ተባዝተው ለኪኔማቲክ ቪስኮሲቲ (ቪስኮሲቲ ለእፍጋት ሲካፈል) ሲካፈሉ የሚገኝ ነው፤ ቁጥሩ እኩል ከሆነ ፍሰቶቹ ይመሳሰላሉ። በእኛ ከፍታ የአየር ኪኔማቲክ ቪስኮሲቲ ከውኃው 20 እጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ ስለዚህ ሳንቃውን በሰከንድ ግማሽ ሜትር በውኃ መጎተት፣ ያንኑ ሳንቃ በሰከንድ 10 ሜትር በሚነፍስ አየር ውስጥ እንደማቆም ነው። ቁጥሩ ወደ 50,000 ይጠጋል። በመጻሕፍት ጀርባ የሚገኙት የናካ (የቀድሞው የአሜሪካ የበረራ ምርምር ተቋም) ኤርፎይል ማለትም የክንፍ ቅርጽ ሰንጠረዦች ግን በአብዛኛው ከ3 እስከ 9 ሚሊዮን ባለው ቁጥር የተለኩ ስለሆኑ፣ ውጤታችሁን ከእነርሱ ጋር አታስተያዩ።

ጥያቄ፦ በሙከራ ያገኘነው የሊፍት ኮፊሸንት (ሊፍት ለዳይናሚክ ፕሬሸርና ለክንፍ ስፋት ብዜት ሲካፈል) ከመጽሐፉ በአንድ አምስተኛ ያህል አነሰብን። ፍጥነቱን በአኔሞሜትር (የነፋስ ፍጥነት መለኪያ) ነበር የለካነው። የት ሳትን?

መልስ፦ የአየሩን እፍጋት በሜትር ኩብ 1.225 ኪሎ ግራም ብላችሁ እንዳሰላችሁ እገምታለሁ። እኔም ተማሪ ሳለሁ አንድ ሳምንት ሙሉ ሚዛኑን ስወቅስ የከረምሁበት ስሕተት ነው። ያ ቁጥር የባሕር ጠለል፣ የ15 ዲግሪ ሴልሺየስ ቁጥር ነው። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ግፊቱ ወደ 81.5 ኪሎፓስካል ይሆናል፤ በ27 ዲግሪ ቀን ይህንን ለ287 (የአየር ጋዝ ቋሚ ቁጥር) እና ለ300 ኬልቪን ብዜት ብታካፍሉት በሜትር ኩብ 0.95 ኪሎ ግራም ታገኛላችሁ። የጎደለባችሁ 22 በመቶ ይኸው ነው።

ይህንን ልብ በሉት፦ በአኔሞሜትር ፈንታ ፒቶ ቱቦና (አፉ ወደ ፍሰቱ የሚዞር ቱቦ) የውኃ ማኖሜትር (ግፊትን በውኃ ከፍታ የሚለካ) ብትጠቀሙ ኖሮ ኮፊሸንቱ ላይ አትሳሳቱም ነበር። ማኖሜትሩ 11 ሚሊ ሜትር ቢያሳይ ዳይናሚክ ፕሬሸሩ (የእፍጋትና የፍጥነት ካሬ ብዜት ግማሽ) 108 ፓስካል ነው፤ ሊፍቱን ለእርሱና ለክንፉ ስፋት ብዜት ማካፈል ይበቃል፤ እፍጋት የሚባል ነገር አይገባበትም። እፍጋቱ የሚያስፈልገው ፍጥነቱን ስትፈልጉ ነው፤ በ1.225 ብታሰሉ በሰከንድ 13.3 ሜትር ይወጣል፣ በ0.95 ግን 15.1። ክንፉ የሚሰማው ዳይናሚክ ፕሬሸሩን ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሳ አውሮፕላን የአየሩ መሳሳት አይከብደውም?

መልስ፦ ይከብደዋል፤ አብራሪው የሚያየው የፍጥነት መለኪያ ግን ብዙም አይነግረውም። መለኪያው ያው ፒቶ ቱቦ ስለሆነ፣ በአንድ ዓይነት ክብደት የመነሻው ንባብ በባሕር ጠለል ካለው ጋር ያው ነው፤ መሬት ላይ ያለው እውነተኛ ፍጥነት ግን 13 በመቶ ገደማ ይበልጣል። የእንቅስቃሴ ጉልበት በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ ወደ 29 በመቶ ተጨማሪ ጉልበት ያስፈልጋል፤ ሞተሩም በሳሳ አየር የሚገፋበት ኃይል ስለሚቀንስ የመንደርደሪያው ርቀት ከዚያም በላይ ይረዝማል።

ጥያቄ፦ ከሶፍትዌር ምን ልጀምር?

መልስ፦ በኤክስፎይል፣ የክንፍ ቅርጽን ሊፍትና ድራግ በሚያሰላው። ነፃ ነው፣ በደካማ ላፕቶፕ ይሠራል። ኦፕንፎም የሚባለውን የፍሰት ማስሊያ ባውንደሪ ሌየር (ገጹን የሚነካው በቪስኮሲቲ የዘገየ ስስ የፍሰት ንጣፍ) ምን እንደሆነ ሳታውቅ አትንካው፤ ሜሹ (ስሌቱ የሚሠራበት መረብ) የተበላሸም ቢሆን ያማረ ሥዕል ይሰጥሃል።

ጥያቄ፦ አውሮፕላን በማይሠራበት አገር ይህን መማር ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ የአዳማንና የአሸጎዳን የነፋስ ተርባይኖች አስቡ፤ አሸጎዳ ብቻውን 120 ሜጋዋት ነው። የተርባይን ምላጭ የሚዞር ክንፍ ነው፤ የማመንጨት አቅሙም ከአየር እፍጋት ጋር በቀጥታ ይወርዳል፣ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ፔሊካኖቹ ከውኃው በላይ አንድ ስንዝር ሲቀራቸው ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ረጅም ርቀት የሚሄዱት እንዴት ነው?

መልስ፦ በክንፍ ጫፍ የሚፈጠሩት አዙሪቶች ኢንዲዩስድ ድራግ የሚባለውን ጎታች ኃይል ያመጣሉ፤ የውኃው ገጽ ግን እነዚህ አዙሪቶች ወደ ታች የሚያወርዱትን አየር ስለሚያግደው ይህ ድራግ ይቀንሳል። ከፍታው ከክንፉ ጠቅላላ ርዝመት ጋር እኩል ሲሆን ቅናሹ 1.4 በመቶ ብቻ ነው፤ ሩብ ሲሆን 23 በመቶ ገደማ፣ አንድ አሥረኛ ሲሆን ወደ ግማሽ ይጠጋል። የፔሊካን ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 3 ሜትር ይደርሳል፤ አንድ አሥረኛው 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከአንድ ስንዝር ብዙም አይርቅም።