ለምናባዊ ሕዝብ እምነት ስትፈጥሩ፦ ለወጣት ጸሐፊዎች የተላከ ደብዳቤ

ውድ ወጣት ጸሐፊዎች፣

በአርታኢነት ሥራዬ ከሚደርሱኝ ረቂቆች መካከል የጥንቶቹን ቫይኪንጎች፣ ማለትም የስካንዲኔቪያን ሰሜነኛ ባሕረኞች፣ መነሻ አድርገው አዲስ ሕዝብ የሚፈጥሩ ምናባዊ ልብ ወለዶች እየበዙ መጥተዋል። ይህ ያስደስተኛል፤ አንድ ወጣት ከራሱ መንደርና ዘመን ርቆ ሌላ ባሕር፣ ሌላ ክረምት፣ ሌላ አምልኮ ለመገንባት መነሣቱ የድፍረት ሥራ ነውና ሊበረታታ ይገባዋል። ነገር ግን ከረቂቅ ረቂቅ የሚመላለስ አንድ ጉድለት ስላለ ስለ እሱ ዘርዘር አድርጌ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። ጸሐፊው አስቀድሞ የአማልክት ስም ዝርዝር ያወጣል፤ አንዱን የነጎድጓድ፣ ሌላውን የጦርነት፣ አንዷን የፍቅር አምላክ አድርጎ ሥልጣን ያከፋፍላል፤ ከዚያም ሕዝቡን ቀንድ ያለው የራስ ቁር አስደፍቶና መጥረቢያ አስይዞ ወደ ጦር ሜዳ ይሰዳል። ታሪኩ ጥቂት ምዕራፎች እንደሄደ ያ ሁሉ ሃይማኖት ይረሳና ገጸ ባሕርያቱ ሲምሉና ሲራገሙ ብቻ የሚጠሩት ስም ሆኖ ይቀራል።

እኔ የምመክራችሁ ሥራውን ከሌላኛው ጫፍ እንድትጀምሩ ነው። ሕዝባችሁ ምን በልቶ እንደሚያድር፣ ክረምቱን በምን እንደሚሻገር፣ ምን ቢጠፋበት እንደሚያልቅለት፣ ያለ ማን እጅ መኖር እንደማይችል በመጀመሪያ ወስኑ። አማልክቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።

የቀንዱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። የቫይኪንግ ዘመን የሚባለው፣ የእንግሊዙ የሊንዲስፋርን ገዳም ከተዘረፈበት ከ793 እ.ኤ.አ. አንሥቶ እስከ 11ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያለው ጊዜ ነው፤ በዚያ ዘመን ተዋጊዎች ቀንዳም የራስ ቁር ይደፉ እንደነበር የሚያሳይ የቁፋሮ ግኝት የለም። እ.ኤ.አ. በ1943 በኖርዌይ ዬርሙንድቡ በተባለ ስፍራ የተገኘው የብረት ቁር ለዓይን መከለያ ያለው፣ ቀንድ የሌለው ነው። ቀንዱን በሰው ዓይን ያስለመደው የ19ኛው ክፍለ ዘመን የኦፔራ መድረክ ነው። ስለዚህ ተዉት።

ይልቅስ ሸራውን ተመልከቱ። በቫይኪንግ መርከብ ላይ የሁሉም ሰው ዓይን የሚያርፈው በቀፎው (በእንጨት አካሉ) እና ከፊቱ በተቀረጸው የዘንዶ ራስ ላይ ነው፤ መርከቧን ውቅያኖስ የሚያሻግራት ግን ከበግ ፀጉር የተሸመነው ሸራ ነበር። ያ ሸራ እንዲኖር በጎች መርባት ነበረባቸው፤ ፀጉሩ ተለቅሞና ተበጥሮ በእንዝርት ይፈተላል፤ ከግድግዳ ጋር ተደግፎ በሚቆም፣ ድሩ በድንጋይ ክብደት በሚወጠር መሣሪያ ላይ ይሸመናል፤ በመጨረሻም ነፋስ እንዳያሾልክ ስብ ይቀባል። መፍተሉና መሸመኑ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነበር። በዴንማርክ ሮስኪልድ ከተማ የጥንቶቹን መርከቦች በጥንቱ ዘዴ መልሰው የሠሩ ባለሙያዎች የሸራው ሥራ ከቀፎው ያላነሰ ጉልበት እንደሚጠይቅ በተግባር አይተዋል። አያቱ ጥጥ ስትፈትል ያየ ሰው ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ፈትል ስንት ምሽት እንደሚያስመሽ ያውቃል፤ ለትልቅ መርከብ ሸራ ምን እንደሚያስፈልግ ከዚያ ተነሥቶ መገመት አያቅተውም።

እንግዲህ የሕዝባችሁ ሕይወት በሸራ ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ ቅዱሱ ነገር በሰይፍ ላይ ብቻ ለምን ያርፋል? ለምሳሌ ያህል እንዲህ አድርጉት። አዲስ ሸራ ከመሰቀሉ በፊት የሸመነችው ሴት ከራሷ ፀጉር አንዲት ዘለላ ከመጨረሻው ፈትል ጋር አብራ ትግመድ። መርከቡ ሳይመለስ ከቀረ ለቅሶው የሚጀመረው በሟቾቹ ቤት ሳይሆን በእሷ ደጃፍ ይሁን፤ እሷም ዓመቱ እስኪዞር እንዝርት አትንካ፤ እህሏንም ጎረቤት ይስጣት። አሁን ደግሞ አንድ የመርከብ አለቃ ከባዕድ ነጋዴ በብር የተገዛ ሸራ ጭኖ ይምጣ። ሸራው ቀላልና ጠንካራ ነው፤ የማንም ፀጉር ግን የለበትም። ወጣቶቹ ይፈነድቃሉ፤ አሮጊቶቹ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ልጇ በዚያ መርከብ የሚሳፈር እናት የምትይዘው የምትጨብጠው ይጠፋታል። እስካሁን የአንድም አምላክ ስም አልጠራሁም፤ ሃይማኖት፣ ሕግ፣ ጠብና ታሪክ ግን በአንድ ቤት ውስጥ ተገናኝተዋል።

የጥንቶቹ ሰሜነኞች እምነትም በእውነት ሲታይ እንዲህ ከኑሮ ጋር የተቆላለፈ ነበር። በአይስላንድ ጥንታዊ ሕግ ወደ ምድሪቱ የሚቀርብ መርከበኛ ገና የብሱን ሳያይ አፉን የከፈተውን የዘንዶ ራስ ከመርከቡ ላይ እንዲያወርድ ይታዘዝ ነበር ይባላል፤ ምክንያቱም የምድሪቱ መናፍስት እንዳይደነግጡ ነው። ይህችን ትንሽ ትእዛዝ እጅግ እወዳታለሁ። አንድ ሕዝብ የሚኖርበትን አፈር እንደሚያፍርና እንደሚደነግጥ ባለቤት አድርጎ መቁጠሩን ታሳያለች፤ ደግሞም ለጸሐፊ የተግባር ትዕይንት ትሰጣለች፤ በማዕበል የደከሙ ሰዎች ከመልሕቁ በፊት ስለዚያ የእንጨት ራስ ሲጨነቁ ይታያሉ።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን አይስላንድ ውስጥ ከተጻፉት፣ ሳጋ ከሚባሉት ረጃጅም ትረካዎች በአንዱ ደግሞ በግሪንላንድ ረኃብ በገባበት ክረምት ስለ ተጠራች ትንቢት ተናጋሪ ሴት ይተረካል። ጸሐፊው ስለ ኃይሏ ብዙ አይለፍፍም፤ የሚነግረን ስለ ልብሷ ነው። ጠርዙ በድንጋይ ያጌጠ ካባ፣ ውስጡ በነጭ የድመት ቆዳ የተገጠመ የጥቁር ጠቦት ቆብ፣ የድመት ቆዳ ጓንት፣ ጫፉ የነሐስ ጉብ ያለው በትር ይዛ ትመጣለች፤ ለእራትም በቤቱ ካሉት እንስሳት ዓይነት ሁሉ ልብ ተሠርቶ ይቀርብላታል። ሥርዓቱ እንዲፈጸም አንድ ጥንታዊ ዜማ መዜም አለበት፤ ከተሰበሰቡት ሴቶች መካከል የምታውቀው ግን አንዲት ወጣት ክርስቲያን ብቻ ሆና ትገኛለች። ዜማውን በልጅነቷ ካሳደገቻት ሴት ተምራዋለች፤ አሁን ግን እምነቷ አይፈቅድላትም። የቤቱ ጌታ ይጫናታል፤ ረኃቡም አለ፤ ታዜማለች፤ እንደ እሷ አሳምሮ ያዜመ የለም ይባልላታል። ልጆቼ፣ ይህን ክፍል ደጋግማችሁ አስቡት። በአንዲት ሴት ጉሮሮ ውስጥ ሁለት እምነቶች ሲገናኙ ማንም አይሰብክም፤ አማልክቱም አይወርዱም፤ አንባቢው ግን የሕዝቡን መንፈሳዊ ኑሮ በሙሉ ያያል።

ከዚህ ጋር አያይዤ የምለምናችሁ ሕዝባችሁ ሁሉ አንድ ዓይነት እምነት በአንድ ዓይነት ጽናት እንዲያምን እንዳታደርጉ ነው። ቀጭኑ ሄልጊ ስለተባለ የአይስላንድ ሠፋሪ ሲነገር፣ በክርስቶስ ያምን እንደነበር፣ ባሕር ላይ ሲወጣና ሲጨንቀው ግን የነጎድጓዱን አምላክ ቶርን ይጠራ እንደነበር ተጽፏል። በዴንማርክ ትሬንድጎርደን የተገኘ የ10ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ቅርጽ ማውጫም አለ፤ አንዱ አንጥረኛ በዚያው አንድ ድንጋይ ላይ መስቀልንም የቶርን መዶሻም ይሠራበት ነበር። ያ አንጥረኛ ራሱ አንገቱ ላይ የትኛውን ያንጠለጥል ነበር? እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያስነሣ ሰው በታሪካችሁ ውስጥ ይኑር።

ስለ ምንጮቹም አንድ ነገር እወቁ። ስለ ኦዲን፣ ስለ ቶርና ስለ ፍሬያ የምናነበው የተስተካከለ የአማልክት ቤተሰብ በአብዛኛው የመጣው ከአይስላንዳዊው ጸሐፊ ከስኖሪ ስቱርሉሶን ሲሆን፣ እሱም አይስላንድ ክርስትናን ከተቀበለች ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1220 ገደማ የጻፈ ክርስቲያን ነበር። ስለዚህ ያ ሥርዓት የጸሐፊ እጅ የገባበት ነው፤ ገበሬው በጋጣው ዳር ያመልክ የነበረው የተበታተነና ከቦታ ቦታ የሚለያይ እንደነበር አስቡ። እናንተም የመጽሐፉን ሳይሆን የበረቱን ሃይማኖት ጻፉ።

ከሞት በኋላ ስላለው ነገር ብዙ ረቂቆች ፈጥነው ያልፋሉ፤ እኔ ግን የሁሉ ነገር ማገር እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። በሰሜነኞቹ ትረካ በጦር ሜዳ ከወደቁት ገሚሶቹ ወደ ኦዲን አዳራሽ ሲሄዱ ገሚሶቹን ፍሬያ ትወስዳለች፤ በሕመምና በእርጅና የሞቱት ወደ ሙታን ዓለም፣ ወደ ሄል፣ ይወርዳሉ። አማልክቱ ራሳቸውም በመጨረሻው ጦርነት እንደሚሸነፉ ያውቃሉ፤ አውቀውም ይሰለፋሉ። ይህን ከወሰዳችሁ የሚያስከትለውንም ውሰዱ። በወሊድ የሞተች ሴት ወዴት ትሄዳለች? አልጋ ላይ ሊሞት የደረሰ አዛውንት ተዋጊ ለሚወደው ልጁ ምን ብሎ ይለምነዋል? ልጁስ እሺ ይላል?

ጭካኔውንም አትሸፍኑ። ከባግዳድ ከተላከው ልዑክ ጋር የተጓዘው አሕመድ ኢብን ፋድላን እ.ኤ.አ. በ922 በቮልጋ ወንዝ አጠገብ ሩስ የሚባሉት ወደ ምሥራቅ የሄዱ ሰሜነኞች የአንድ አለቃቸው ቀብር ሲፈጸም በዓይኑ አይቶ ጽፏል፤ አስከሬኑ ከመርከቡ ጋር ከመቃጠሉ በፊት አንዲት ባሪያ ልጅ ከጌታዋ ጋር እንድትሄድ ተገድላለች። የቫይኪንጎች ሀብት ከንግድና ከእርሻ ብቻ ሳይሆን ሰውን ማርኮ ከመሸጥም የመጣ ነው። የእናንተ ሕዝብ ባሪያ የሚያሳድር ከሆነ ባሪያዋ ስም፣ ቋንቋና የራሷ አምላክ ይኑራት፤ ታሪኩም ለጥቂት ገጾች በእሷ ዓይን ይታይ።

በዚሁ አጋጣሚ፣ አንድን ዘር በሙሉ በተፈጥሮው ጦረኛ ወይም በተፈጥሮው ጨካኝ አድርጎ መሣል በልብ ወለድም ቢሆን የሚያስጠይቅ ነገር ነው። ናዚዎች የሰሜነኞቹን ሩን ፊደላት በኤስ ኤስ ወታደሮቻቸው ላይ የለጠፉት እንዲህ ያለውን የንጹሕ ዘር ተረት ለመሸጥ ነበር። የቁፋሮ ማስረጃው ደግሞ ተቃራኒውን ይናገራል። በስዊድን ሜላረን ሐይቅ ላይ ባለችው በሄልጎ ደሴት በተደረገ ቁፋሮ ከሕንድ ክፍለ አህጉር የመጣ ትንሽ የቡድሃ ሐውልት፣ ከአየርላንድ የመጣ የጳጳስ በትር ራስና ከግብጽ የመጣ የነሐስ ጭልፋ ተገኝተዋል። ቤተ ክርስቲያናችን ለብዙ ዘመናት ጳጳሳቷን ትቀበልባት ከነበረችው ከግብጽ ተነሥቶ እስከዚያ በረዶ ድረስ የደረሰ ዕቃ መኖሩ ዓለም ያኔም የተሳሰረች እንደነበረች ያሳያል። ሕዝባችሁን በአጥር አትክበቡት፤ ወደብ ስጡት።

ስለ ስም አወጣጥ ብዙ አልልም። አይስላንዳውያን እስከ ዛሬ እንደ እኛው በራሳቸው ስም ይጠራሉ፤ የሚከተለውም በአብዛኛው የአባት ስም ነው። ስለዚህ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የሌለበትን ኅብረተሰብ ለመጻፍ ከማንም የተሻላችሁ ናችሁ፤ ተጠቀሙበት።

በመጨረሻ የማነሣው ለውጥን ነው። አይስላንድ ንጉሥ አልነበራትም፤ እ.ኤ.አ. ከ930 ጀምሮ ሕዝቡ በየዓመቱ በሜዳ ላይ ተሰብስቦ ይመክር ነበር፤ ሕግ ነጋሪውም የሕጉን ሲሶ በየዓመቱ በቃሉ እያሰማ በሦስት ዓመት ያጠናቅቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1000 ገደማ ክርስቲያኖቹና የጥንቱ እምነት ተከታዮች ሊዋጉ ሲደርሱ ጉዳዩ ለሕግ ነጋሪው ለቶርጌር ተሰጠ። እሱ ራሱ የጥንቱን እምነት ይከተል ነበር። ካባውን ተከናንቦ ቀንና ሌሊት ከተኛ በኋላ ተነሥቶ አገሩ ሁሉ እንዲጠመቅ ፈረደ፤ ሆኖም የፈረስ ሥጋ መብላትና በስውር መሠዋት ለጥቂት ዓመታት ተፈቅዶ ቆየ። ረቂቃችሁን ወደ እኔም ሆነ ወደ ሌላ አርታኢ ከመላካችሁ በፊት በፈጠራችሁት አገር ውስጥ አንድ ቤት ምረጡና ከእንዲህ ያለ ፍርድ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ሳምንት ጻፉ፤ በቤቱ ውስጥ በፍርዱ የተደሰተች ልጅ፣ ያልተደሰተች አያትና የትኛው ወገን በግ እንደሚገዛው የሚያሰላ አባት ይኑሩ። ያ ምዕራፍ ከቆመላችሁ ላኩልኝ፤ በደስታ አነበዋለሁ።

አክባሪያችሁ