ጠይቁ፦ ድንጋይ የሆነ አጥንት መታመሙ በምን ይታወቃል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? ከደጀን ነው የምጽፍልዎ፤ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የባዮሎጂ መምህራችን ዳይኖሰሮችም ይታመሙና ይሰበሩ ነበር ሲሉን ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ሥጋው ጠፍቶ አጥንቱ ድንጋይ ከሆነ በሽታው በምን ይታወቃል? ማወቁስ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ እንደምን ሰነበትሽ ልጄ። ጥያቄሽን ሳነብ የአባቴ ወይፈን ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ፣ ቢቸና አጠገብ፣ ወይፈናችን ገደል ላይ ተንሸራቶ የኋላ እግሩ ተሰበረ። ወጌሻው መጥተው በቀርከሃ ፍልጥ አሰሩት። ጎረቤቱ ሁሉ "አይተርፍም፣ እረዱት" አለ። አባቴ እምቢ አሉ። ሁለት ወር ሙሉ ሣርና ውኃ አጠገቡ ድረስ ተሸከምንለት። ተነሣ። ትንሽ ያነክስ ነበር እንጂ ስምንት ዓመት አርሷል። በመጨረሻ ለፋሲካ ሲታረድ ያንን አጥንት አጥቤ አየሁት። የተሰበረበት ቦታ እንደ ዛፍ ጉጥ አብጦ ገጥሟል። የእንስሳት ሐኪም ለመሆን የቆረጥኩት ያን ቀን ይመስለኛል።

መልሱ ያለው እዚያ ጉጥ ላይ ነው። የሞተ እንስሳ አጥንት አይገጥምም። የሚገጥመው ባለቤቱ በሕይወት ካለ ብቻ ነው። የስብራቱ ጠርዝ ስል ከሆነ እንስሳው ሲሞት ወይም ከሞተ በኋላ ተሰብሯል። ጠርዙ ዶልዱሞ አዲስ አጥንት ከለበሰ ግን ከስብራቱ በኋላ ሳምንታት ወይም ወራት ኖሯል። መግል የገባበት አጥንትም ያስታውቃል። ያብጣል፣ ላዩ ይሻክራል፣ አንዳንዴም መግሉ የወጣበት ቀዳዳ ይቀራል። አጥንቱ ድንጋይ ሲሆን ይህ ቅርጽ አብሮ ይቀመጣል። ሲቲ ስካን ደግሞ ውስጡን ያሳያል።

ከሁሉ አንጀቴን የሚበላው ቢግ አል ነው። አሎሳውረስ የተባለ ሥጋ በል ዳይኖሰር ነው፤ በ1991 አሜሪካ፣ ዋዮሚንግ ውስጥ ተገኘ (ዓመታቱን በፈረንጆች ነው የምጽፍልሽ)። ገና አድጎ አልጨረሰም ነበር። 19 አጥንቶቹ ላይ የስብራት ወይም የመግል ምልክት አለ። ጎድኖቹ ተሰብረው ገጥመዋል። የቀኝ እግሩ አንድ ጣት ግን አልዳነም፤ መግል ይዞ ክፉኛ አብጧል። በሁለት እግሩ ቆሞ፣ አሳድዶ ለሚበላ አውሬ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። ሰኮናው የመገለ በሬ ባየሁ ቁጥር እሱ ትዝ ይለኛል። በሬው ባለቤት አለው፣ ሣር ይታጨድለታል። ቢግ አል ማንም አልነበረውም። አጥንት ደግሞ በአንድ ሌሊት እንዲያ አያብጥም። ረጅም ጊዜ እያነከሰ ኖሯል።

አዛውንቶችም ተገኝተዋል። በ1990 ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ የተገኘችው ሱ የተባለችው ቲራኖሳውረስ (ግዙፍ ሥጋ በል ዳይኖሰር ነው) 28 ዓመት ገደማ ኖራለች። ዛሬ ቺካጎ ሙዚየም ውስጥ ነች። ተሰብረው የገጠሙ ጎድኖች አሏት፤ የግራ ቅልጥሟም በመግል ምክንያት አብጧል።

ካንሰርም ነበር። በ1989 ካናዳ፣ አልበርታ ውስጥ ሴንትሮሳውረስ ከተባለ ባለቀንድ ሣር በል ዳይኖሰር አንድ የእግር አጥንት ተገኘ። ያኔ ተሰብሮ የዳነ ነው ተባለ። በኋላ የቅሪተ አካል ተመራማሪዎችና የሰው ሐኪሞች አብረው አዩት። በሲቲ ስካን አነሡት፣ በስሱ ቆርጠው በማይክሮስኮፕ መረመሩት፣ ይኸው በሽታ ካለበት የሰው አጥንት ጋር አስተያዩት። በ2020 የአጥንት ካንሰር መሆኑን አስታወቁ። 76 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። አጥንቱ የተገኘው ከብዙ ወገኖቹ አጥንት ጋር ነው። ተመራማሪዎቹ መንጋው ጎርፍ ወስዶት አብሮ ሳያልቅ አልቀረም ይላሉ። ያን ያህል የታመመ እንስሳ ለአውሬ ቀላል ሲሳይ ነበር። መንጋው መካከል መሆኑ ሳይከልለው አልቀረም።

አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው "ዳይኖሰሮች ይተዛዘኑ ነበር" ይላሉ። እኔ እዚያ ድረስ አልሄድም። የገጠመ አጥንት እንስሳው በሕይወት መቆየቱን እንጂ ማን እንዳበላው አይነግርም።

ምን ይጠቅማል ላልሽው፣ አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ቲራኖሳውረስ ጥንብ ብቻ ይበላ ነበር ወይስ ያድን ነበር የሚል ረጅም ክርክር ነበር። በ2013 አንድ የሣር በል ዳይኖሰር የጅራት አጥንት ይፋ ሆነ። የቲራኖሳውረስ ጥርስ ተሰክቶበታል፤ በጥርሱ ዙሪያም አጥንቱ አድጎ ሁለቱን የጅራት አጥንቶች አጣብቋል። የተነከሰው ሬሳ ቢሆን ኖሮ አጥንቱ ባላደገ ነበር። በሕይወት እያለ ተነከሰ፣ አመለጠ፣ ጥርሱን ይዞ ኖረ።

አጥንት ግን ሁሉን አይጽፍም። አባ ሰንጋ ጠዋት ሲያርስ የነበረ በሬ ማታ ሲጥል አይቻለሁ። አጥንቱ ንጹሕ ነው፤ በሽታው ለአጥንት ጊዜ አልሰጠውም። ስለዚህ ከዳይኖሰር አጥንት የምናነበው ቀስ ብለው የሚያሠቃዩትን ነው። ፈጥነው የገደሉት አብዛኛውን ጊዜ አልፈውናል።

አሁን ወደ አንቺ አገር። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርጂ ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር የኖራ ድንጋዩን፣ ከዚያ ጄሶውን፣ ታች ወንዙ ዳር ደግሞ የአሸዋ ድንጋዩን እይ። የኖራ ድንጋዩ በዳይኖሰሮች ዘመን ባሕር ነበር። ከዚያ በላይ ባለው የጭቃ ድንጋይ ውስጥ፣ ወደ ዓባይ በሚገባው የጀማ ሸለቆ፣ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። አጥንት የሚመስል ድንጋይ ካየሽ እንዳትነቅይው፤ ከቦታው ከተነሣ ግማሹ ታሪኩ ይጠፋል። በስልክ ፎቶ አንሺው፣ ቦታውን ጻፊ፣ ለመምህርሽ አሳዪ። ለእኔም ላኪልኝ።