ሃምሳዋ ወይስ ረጅሟ? ለደሴው ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ፣ ካሜራው እንኳን ደረሰህ። ጥያቄህ እንዲህ ነበር፦ እህትህ ከጅዳ ካነን 2000ዲ ከ18-55 ሌንሱ ጋር ላከችልህ። ለአንድ ተጨማሪ ሌንስ የሚሆን ብር አጠራቅመሃል። ደሴና አካባቢዋ ሰርግና ልደት እየሠራህ ብሩን መመለስ ትፈልጋለህ፤ ሲመችህ ደግሞ ሐይቅና ላሊበላ ብቅ ማለት ያምርሃል። «50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ልግዛ ወይስ 55-250?» አልክ። ሚሊ ሜትሩ ሲበዛ ሌንሱ ሩቁን ያቀርባል፣ የሚያሳየው ግን ይጠባል።

አጭሩ መልስ፦ ለሰርግ ከሆነ ሃምሳዋ። ግን ነገ ተነስተህ እንዳትገዛ። አንድ ሳምንት ታገሥ። ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ።

እኔ የመጀመሪያ ሌንሴን የገዛሁት በቁመቷ ነው። ቀልድ አይደለም። ማረጋጊያ የሌላት፣ ርካሽ፣ ረጅም ዙም ነበረች። አንገቴ ላይ ሳንጠለጥላት ሰው መንገድ ይለቅልኝ ጀመር። የመጀመሪያ ሥራዬ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ነበር፣ ኮምቦልቻ። ቀን ላይ ሁሉም ሰላም። ማታ ድንኳኑ ውስጥ ሁለት አምፖል በራ፣ ዘፈኑ ደመቀ፣ እስክስታው ጦፈ። እኔ ጥግ ቆሜ ዙሜን እየሳብኩ አነሳለሁ። በነጋታው ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ትከሻ የለ፣ ፊት የለ፣ ሁሉም ጭስ ነው። የአክስቴ ልጅ እስከ ዛሬ «እኔ የተዳርኩት ቶሳ ተራራ ጉም ውስጥ ነው እንዴ?» ትለኛለች።

ጥፋቱ የሌንሷ አልነበረም፣ የኔ ነው። 200 ሚሊ ሜትር ላይ ሆኜ በ1/30 ሰከንድ ነበር የማነሳው። የተለመደው ስሌት ቀላል ነው፦ የሌንሱን ቁጥር በ1.6 አባዛ፣ ሹተርህ (ፎቶው የሚነሳበት ፍጥነት) ከዚያ አይዘግይ። 200 ከሆነ 1/320 ማለት ነው። ያን ፍጥነት በሁለት አምፖል ከየት ታመጣዋለህ? 1.6 ከየት መጣች ካልክ፣ ያንተ ካሜራ ሴንሰር (ውስጡ ብርሃን የሚቀበለው ሰሌዳ) ከድሮው ፊልም ስለሚያንስ ነው። የፊልሙ ወርድ 36 ሚሊ ሜትር ነበር፣ ያንተ ሴንሰር 22.3 ነው። ይቺን ነገር ያዛት፣ ኋላ ትመጣለች።

የእኛ አካባቢ ፎቶ ዋና ጣጣው ርቀት አይደለም፣ ብርሃን ነው። አስበው እስኪ። ቡናው የሚፈላው ቤት ውስጥ ጥግ ላይ ነው፣ ዕጣኑ እየጨሰ። መንዙማው የሚሞቀው ሌሊት ነው፣ ድቤ የሚመታው ሰው እጁ አያርፍም። ሰርጉም ቀን ተጀምሮ ማታ ነው የሚደምቀው። መብራት ከሄደማ ተወው።

ሌንስ ላይ የተጻፈው የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። መጀመሪያ ሁሉንም ሰው ያምታታል፣ አብሽር። ያንተ 18-55 ዙሙን እስከ መጨረሻ ስትስበው ቢበዛ ኤፍ 5.6 ድረስ ነው የሚከፈተው። ሃምሳዋ ኤፍ 1.8 ትከፈታለች። ልዩነቱ በብርሃን ሲቆጠር 10 እጥፍ ገደማ ነው። ይህ ማለት በድንኳኑ ውስጥ 18-55ህ 1/15 ሰከንድ ሲጠይቅህ ሃምሳዋ 1/125 ትሰጥሃለች። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) አንድ እርምጃ ከፍ ስታደርገው 1/250 ደረስክ። እስክስታ የሚያቆመው እንዲህ ያለ ፍጥነት ነው። በነገራችን ላይ 18-55ህ ላይ አይኤስ የሚል ጽሑፍ እንዳለ እየው። ማረጋጊያ ማለት ነው፣ ያለውም የሌለውም ይሸጣል። ማረጋጊያ የሚያረጋጋው ግን ያንተን እጅ ነው እንጂ የሚጨፍረውን ሰው አይደለም። እኔ ይህን ለማወቅ አንድ ሰርግ አበላሸሁ።

እዚህ ድረስ ሃምሳዋ አሸነፈች። አሁን ደግሞ ጣጣዋን ልንገርህ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው «ሃምሳ ግዛ» ብሎ ይሄዳል እንጂ ይህን አይነግርህም።

ሃምሳዋ ባንተ ካሜራ ላይ ጠባብ ናት። ያቺ 1.6 መጣች፦ 50 በ1.6 ሲባዛ 80 ነው። ዙም የላትም፣ እግርህ ነው ዙምህ። ከሰውዬው 3 ሜትር ርቀህ ስትቆም ወደ ጎን የምታሳይህ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ብቻ ነው። ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይገቡልሃል፣ ሦስተኛው ሚዜ ውጭ ይቀራል። አንድ ሰው ከራስ ጸጉሩ እስከ ጫማው ለማስገባት ካሜራውን አቁመህም ቢሆን ከ4 ሜትር በላይ መራቅ አለብህ። አሁን ንገረኝ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወይ ሆጤ ካሉት ቤቶች ስንቱ ሳሎን ነው 4 ሜትር ወደ ኋላ የሚያስኬድህ? ሶፋ አለ፣ ቡፌ አለ፣ ረከቦት ተዘርግቷል፣ ሕፃናት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። እኔ አንድ ጊዜ ሽማግሌዎች የተሰበሰቡበት ቤት ሃምሳዋን ብቻ ይዤ ገብቼ፣ ወደ ኋላ ስል በሩን አልፌ ግቢው ውስጥ ወጣሁ። ከውጭ በበሩ ቀዳዳ ነው ያነሳኋቸው። ፎቶው እንኳን አላስጠላም፣ ግን ሁለቱ ሽማግሌዎች በበሩ መቃን ተቆርጠዋል። ሽማግሌ ቆርጦ ማቅረብ ደግሞ ታውቀዋለህ።

ስለዚህ አንድ ሳምንት ታገሥ ያልኩህ ለዚህ ነው። 18-55ህን መጨረሻው ላይ፣ 55 ላይ አድርግና የዙም ቀለበቷን በፕላስተር እሰራት። ለሃምሳ የቀረበው ይሄ ነው። ለሦስት ቀን በዚያ ብቻ አንሳ። ቤተሰብህን፣ ጎረቤት፣ ፒያሳ ሻይ የሚጠጡ ጓደኞችህን። ከዚያ ፕላስተሩን ፍታና 24 ላይ እሰራት፣ ሌላ ሦስት ቀን። ብርሃኑን ለጊዜው እርሳው፣ የምታየው ቦታው ይበቃሃል ወይ የሚለውን ብቻ ነው። ስትጨርስ ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ክፈት። «ይሄን ነው የፈለግኩት» የምትላቸው የትኞቹ ውስጥ በዙ?

55 ላይ የታሰረችው ካልጨነቀችህ በርታ፣ ሃምሳዋን ግዛ። ከጨነቀችህ ካነን 24 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 የምትባል ቀጭን ሌንስ አለችው፣ ቂጣ ታክላለች። በ3 ሜትር ርቀት 2 ሜትር ከ80 ገደማ ታሳይሃለች፣ ማለትም ሙሽሮቹንም ሚዜዎቹንም። ብርሃን ላይ ከሃምሳዋ ታንሳለች፣ ከ18-55ህ ጫፍ ግን 4 እጥፍ ትሻላለች። እኔ ሁለቱም አሉኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ቤት ውስጥ 24ቷ፣ ድንኳን ውስጥ ሃምሳዋ ናቸው እንጀራዬን የሚያበሉኝ። ለዚህ ነው ሰርግ ስላልከኝ ብቻ ሃምሳዋን ያስቀደምኩት። ቤት ለቤት ልደትና ክርስትና ይበዛል ካልከኝ መልሴ ይቀየራል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ሃምሳዋን ስትገዛ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሁሉንም ነገር በ1.8 ታነሳለህ። ሁላችንም አድርገናል፣ ባክግራውንዱ ብዥ ሲል ልብ ይሰርቃል። ግን ከሰው 1 ሜትር ተኩል ላይ ሆነህ በ1.8 ስታነሳ ጥርት የሚለው 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አፍንጫና ዐይን ነው፣ ጆሮው ሄዷል። ሙሽራዋ ፊት ቀደም ካለች እሷ ጥርት፣ ሙሽራው ጭስ። የሙሽራው እናት ደግሞ ይህን ጥበብ ነው ብትላቸው አይሰሙህም። ሁለት ሰው ሲሆን 2.8 ወይም 3.5፣ ቡድን ሲሆን 5.6 አድርግ። ዐይን ላይ ፎከስ አድርግ።

ድንኳን ካነሳን አይቀር፣ ሸራው ሰማያዊ ከሆነ የሰው ፊት ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል። የትኛውም ሌንስ ከዚህ አያድንህም። ሮው (ካሜራው ሳይነካካ የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ላይ አንሳና በኋላ ቀለሙን አስተካክል።

ረጅሟን አልጠላኋትም። 55-250 ማረጋጊያ አላት፣ ለዋጋዋ ደህና ሌንስ ናት። ለገና ላሊበላ ስትሄድ ትፈልጋታለህ። ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ በዙሪያው ባለው ዐለት አናት ተሰልፈው ቤዛ ኩሉ ሲሉ፣ ከማዶ ሆነህ ፊታቸውን የምታገኘው በእሷ ነው፤ በዚያ ግፊያ መጠጋት የሚባል የለም። ቀን ብርሃን ሲኖር ነው ታዲያ። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ከጠርዙ ለማንሳት ግን ምንም መግዛት አያስፈልግህም፣ 18 ላይ አድርግና አንሳ። ሐረጎ ላይ ቆመህ ኮምቦልቻን ከሥርህ ስታይም ረጅሟ ተራራውን በተራራ ላይ ደርባ ታመጣልሃለች። ሐይቅ ላይ ወፍ አነሳለሁ ካልክ ግን እወቀው፣ 250ም አጭር ነው። ወፍ ገንዘብ ይበላል።

ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ግን በረጅም ሌንስ ከሩቅ ሰው ማንሳት አልወድም። ስርቆት ስርቆት ይለኛል። ተጠግቶ «አባባ፣ ፎቶ ላነሳዎት?» ማለት ይሻላል። እምቢ ካሉ እምቢ ነው። እሺ ካሉ ደግሞ ኩፍያቸውን አስተካክለው ቀና ይሉልሃል፣ ያ ፊት ከሩቅ አይገኝም። እዚያም ሃምሳዋ ናት።

እንደ 10-18 ያሉት ሰፋፊዎቹ ይቆዩ። ብር ከተረፈህ ከነሱም ከረጅሟም በፊት ፍላሽ ግዛ፣ ጭንቅላቱ ወደ ላይ የሚዞረውን። ነጭ ኮርኒስ ላይ ስታበራው ቤቱ ሁሉ ይበራልሃል።

አሁን በጣም የምትጠነቀቅበት ነገር። ሌንሱን እህትህ ከጅዳ የምትገዛው ከሆነ ስሙን ጽፈህ ላክላት፣ በስልክ አትንገራት። አዲሶቹ የካነን መስታወት አልባ (ሚረርለስ) ካሜራዎች የራሳቸው 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 አላቸው፣ አርኤፍ ይባላል። ዋጋው የሚቀራረብ፣ መልኩም የሚመሳሰል ነው፣ ያንተ ካሜራ ላይ ግን አይገጥምም፣ የሚያገጣጥመው ነገርም የለም። አንድ ወዳጄ ዘመዱ እንዲህ ያለውን ከዱባይ አምጥቶለት አሁን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። አንተ የምትፈልገው ኢኤፍ ወይም ኢኤፍ-ኤስ የሚለውን ነው። መግጠሚያው ላይ ቀይ ነጥብ ካለ ኢኤፍ፣ ነጭ አራት ማዕዘን ካለ ኢኤፍ-ኤስ ነው። ያንተ ካሜራ ሁለቱንም ይቀበላል። ወደፊት እንዳንተው መስታወት ያለው ፉል ፍሬም ካነን (ሴንሰሩ የድሮውን ፊልም የሚያክል) ከገዛህ ግን ነጭ ምልክት ያለው አይገጥምልህም፣ ሃምሳዋ ትገጥማለች። ይህን የምታነቡ ኒከን ያላችሁ ደግሞ፣ እንደ ዲ3500 ያሉት ትንንሾቹ ካሜራዎች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የለም። 50 ኤፍ 1.8 ዲ የምትለዋን ብትገዙ በእጅ ነው ፎከስ የምታደርጉት። ጂ የምትለዋን ጠይቁ።

ያገለገለ ልትገዛ ከሆነ የራስህን ካሜራ ይዘህ ሂድ። ግጠመው፣ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻ ክፈተው፣ ቅርብም ሩቅም አንሳ፣ ፎከሱ ሲያመነታ አዳምጠው። ከዚያ አውልቀህ በስልክህ ባትሪ ከኋላ አብራበት። ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካየህ ሻጋታ ነው፣ ወንድምህም ቢሸጥልህ ተመለስ። ከፊት መስታወቱ ላይ ትንሽ ጭረት ቢኖር ግን አትደንግጥ፣ ፎቶ ላይ አይታይም። በዋጋው ተከራከርበት።

ሌንስ ስትቀያይር የካሜራውን አፍ ወደ መሬት ድፋ፣ ጀርባህን ለነፋስ ስጥ። የባቲ አቧራ ሴንሰር ላይ ካረፈ ሰማዩ ሁሉ ነጠብጣብ ይሆንብሃል። መስታወቱን በነጠላ ጫፍ አትጥረግ፣ አቧራውን ቀድመህ በመንፊያ ጎማ አስነሳ። ከደሴ ብርድ ወርደህ ኮምቦልቻ ድንኳን ውስጥ ስትገባ ደግሞ ሌንሱን ላብ ያልበዋል። 20 ደቂቃ ከቦርሳው ሳታወጣ ጠብቅ፣ ወይ ቀደም ብለህ ድረስ።

እኔ ቅዳሜና እሑድ ሰርግ ላይ ነኝ፣ ከዚያ ውጭ ፒያሳ አልጠፋም። የፕላስተሩን ሙከራ ስትጨርስ ጻፍልኝ። ካሜራህን ይዘህ ና፣ ሃምሳዋንም 24ቷንም ግጠምና አንድ ከሰዓት አንሳባቸው። ቡናው ግን ባንተ ነው።