መልሶ ሊሰድባችሁ የማይችለው ሰው

ልጆቼ፣ ዛሬ ስለ ስድብ ልጽፍላችሁ ነው። ጡረታ የወጣሁ አዋላጅ ነርስ ነኝ። የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት ድሬዳዋ ላይ ነው፤ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ "ሲስተር" ብሎ የሚጠራኝ ሰው አላጣም። ሰው ከአፉ የሚያወጣውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ምጥ የያዛት ሴት የምትለውን፣ ደጅ የቆመ ባል የሚለውን፣ አዳር ተረኛ ሆኖ የተማረረ ባልደረባ የሚለውን። ስለዚህ "ስድብ ነውር ነው፣ አትሳደቡ" ብዬ ብቻ አላልፍም። እንዲህ ያለው ምክር በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ድሬ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም።

ምክንያቱም ድሬ ላይ ስድብ ብዙ ጊዜ የመዋደድ ምልክት ነው። ከሌላ ከተማ በሥራ ተመድቦ የመጣ ሰው ከሙቀቱ በላይ የሚያስደነግጠው ይህ ነው። ከዚራ የሚባለው ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ሁለት ሽማግሌዎች ሲገናኙ ቆም ብላችሁ ስሙ።

"አንተ ሌባ፣ አለህ እንዴ? ሞተ ብለውኝ ነበር እኮ!"

"አንተን ሳልቀብርማ የት እሄዳለሁ!"

ከዚያ መተቃቀፍ ነው። ስለ ልጅ፣ ስለ ልጅ ልጅ፣ ስለ ስኳርና ደም ግፊት መጠያየቅ ነው። አንዱ ታሞ ቢተኛ ሌላው በማግስቱ አልጋው አጠገብ ይገኛል። አስታማሚ ሆነው ሲመጡ ስላየኋቸው ነው የምነግራችሁ። በሽተኛው ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚሰማው ስድብ ነው፤ መጀመሪያ የሚስቀውም በእሱ ነው።

ለምን እንዲህ ሆንን? እኔ እንደማስበው ከከተማዋ አፈጣጠር የመጣ ነው። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር ነው የተወለደችው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ሲደርስ ሠራተኛውም ነጋዴውም አብሮ ደረሰ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ዓረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ። ቀፊራ ገበያ ብትሄዱ ዛሬም አንዲት ሻጭ በሦስት ቋንቋ ስትከራከር ትሰማላችሁ። እንዲህ በተደባለቀ ሰፈር የሚያድግ ልጅ ከጎረቤቱ ቋንቋ መጀመሪያ የሚይዘው ስድቡን ነው። ክርስቲያኑ ሳይቀር "ወላሂ" ብሎ ይምላል። ማዕረግ የሚያበዛና የሚኮፈስ ሰው አይመቸንም፤ "አቦ ተወና!" ብለን እናወርደዋለን። ይህን ነፃነት እወደዋለሁ። ማንም ጨዋነት አስተምራችኋለሁ ብሎ እንዲያስጥላችሁ አልፈልግም።

ግን የሁለቱ ሽማግሌዎች ጨዋታ ለምን እንደሚያምር አስተውላችኋል? እኩል ስለሆኑ ነው። አንዱ የወረወረውን ሌላው ይመልሳል። አሁን አንደኛውን ሽማግሌ አንሱና በእሱ ቦታ ሻይ የሚያቀርብላቸውን ልጅ አስቀምጡ። "አንተ ሌባ፣ ሻዩ የት ደረሰ?" ቃሉ ያው ነው፣ ድምፁም ያው የሳቅ ድምፅ ነው። ልጁ ግን "ሌባስ አንተ!" ሊል አይችልም። እንጀራው ነዋ። ፈገግ ብሎ ብርጭቆውን ያነሳል። በዚያ ፈገግታ እንዳትታለሉ።

የምለምናችሁ ይህችኑ ነው። ከመሳደባችሁ በፊት ያ ሰው ያንኑ ቃል ሊመልስላችሁ ይችል እንደሆነ እዩ። ይችላል? እንግዲያው ጨዋታ ነው፤ ተጫወቱ። አይችልም? ሥራውን ስለሚፈራ፣ በዕድሜ ስለሚያንስ፣ ስለታመመ፣ ለአገሩ እንግዳ ስለሆነ ዝም የሚል ከሆነ፣ የምታደርጉት መምታት ነው። በሳቅ ብትሉትም መምታት ነው።

እኔ ይህን ያወቅኩት ማዋለጃ ክፍል ነው። ምጥ ላይ ያለች ሴት ትሳደባለች። ሁሏም አይደለችም። አንዷ "ማርያም፣ ማርያም" ትላለች፣ አንዷ "ያ ረቢ" ትላለች፣ አንዷ ድምፅ ሳታሰማ ከንፈሯን ነክሳ ታደማለች። አንዷ ግን ባሏን ከነዘር ማንዘሩ ትሞልጨዋለች። እኔንም አትምረኝም። "አንቺ ጨካኝ፣ እጅሽን ይቁረጠው!" ያለችኝ ሴት ልጇን ደረቷ ላይ ሳስቀምጥላት ያንኑ እጄን ይዛ ስማዋለች። የተሰደብኩት እኔ አልነበርኩም፤ ሕመሙ ነበር። ለእንዲህ ያለው ስድብ መልስ አያስፈልገውም። "አይዞሽ፣ በርቺ" ብሎ ወገቧን ማሸት ይበቃል።

ሳይንሱም ከእሷ ጋር ነው። እንግሊዝ አገር ኪል ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ሪቻርድ ስቲቨንስ ከባልደረቦቹ ጋር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ያሳተመው ጥናት አለ። ተማሪዎች እጃቸውን በረዶ ያህል በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ይነክራሉ። አንዴ እየተሳደቡ፣ አንዴ ተራ ቃል እየደጋገሙ። ሲሳደቡ እጃቸውን ረዘም ላለ ጊዜ ማቆየት ቻሉ፤ የልብ ምታቸውም ጨመረ። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ያው ተመራማሪ ሌላ ነገር ጨመረበት። በዕለት ኑሯቸው ብዙ የሚሳደቡ ሰዎች ላይ ጥቅሙ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህችን ሁለተኛዋን ያዙልኝ። መብራት ሲጠፋም፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥም፣ የባጃጅ መልስ ሲዘገይም የምትረጩት ቃል የምር ያመማችሁ ቀን ጉልበት የለውም።

ሌላም አይቻለሁ። ስትሮክ ግራ አንጎሉን መትቶት ንግግር የጠፋበት ሰው አለ። "ውኃ" ማለት አቅቶት ስድብ ግን ጥርት ብሎ ይወጣለታል። ሌላው ደግሞ የልጁን ስም መጥራት እያቃተው አቡነ ዘበሰማያትን ይወርደዋል። ከልጅነት ጀምሮ ሲደጋገም የኖረ ነገር አንጎል ውስጥ ከተራ ንግግር ለየት ብሎ ይቀመጣል። ቤተሰብ ሲያፍር "አትፈሩ፣ በሽታው ነው" እንላቸው ነበር።

እዚያው ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ግን የማልችለውን ስድብም ሰምቻለሁ። የትኛው ጤና ተቋም እንደሆነ አልናገርም፤ የአንድ ተቋም ችግርም አይደለም። ሴትየዋ ተጋድማለች። ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል፣ ልብሷ ተገልጧል፣ የምታውቀው ሰው አጠገቧ የለም። ስትጮህ አንዷ ባለሙያ "ያኔ ደስ ሲልሽ እንዲህ ጮኸሽ ነበር?" አለቻት። አጠገቧ የቆሙት ሁለቱ ተለማማጆች ሳቁ። ሴትየዋ ጩኸቷን አቆመች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እስክትወልድ ድረስ ቃል አልወጣትም።

ልብ በሉ፣ በዚያ ንግግር ውስጥ አንድም ነውረኛ ቃል የለም። ድምፅም ከፍ አላለም። መዝገብ ላይ ብትጽፉት ተራ ጥያቄ ነው። ለእኔ ግን ከሰማሁት ስድብ ሁሉ የከፋው እሱ ነው። ሴትየዋ ምን ብላ ትመልስ? ሕይወቷም የልጇም ሕይወት በተናጋሪዋ እጅ ነው። ተለማማጆቹን በኋላ ለብቻቸው አነጋግሬያቸዋለሁ፤ ባልደረባዬንም እንዲሁ። እንዲህ የተሰደበች ሴት ቀጣዩን ልጇን ለመውለድ ወደ ጤና ተቋም አትመጣም። "ቤቴ ብሞትም ማንም አይሰድበኝም" ያለችኝ እናት አለች። ቤት ውስጥ ደም ሲፈስ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ይህን ሰምቶ እንቅልፍ አይወስደውም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 እ.ኤ.አ. ወላዶችን መስደብና ማዋረድ መቆም እንዳለበት መግለጫ ያወጣው ለዚህ ነው። የእኛም ጤና ሚኒስቴር "ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ" ባለሙያ የሚለውን በዕቅዱ ውስጥ አስገብቷል። ጥሩ ነው። ግን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አፍ አይዘጋም። አጠገብ ያለው ተለማማጅ መሳቁን ሲያቆም ነው ተሳዳቢው የሚያፍረው።

አሁን ደግሞ በጨዋታም ቢሆን የማልቀበላቸውን ልንገራችሁ። እናት። እኛ አገር ጠብ የሚያስነሳው፣ ጩቤ የሚያስመዝዘው "እናትህን" ብሎ የሚጀምረው ነው። ባይጨርሱትም ያው ነው። ስንት እናት በእጄ ላይ ምጥ ስትጨነቅ አይቻለሁ፤ ይህን የሰማ ጆሮዬ ያንን ቃል አይለምድም። ሌላው ሴት ልጅን ብቻ የሚመታው ቃል ነው። የቱን እንደምል ታውቃላችሁ። አንዲት ልጅ ስልክ ቁጥሯን አልሰጥም ስላለች ብቻ መንገድ ላይ ይወረወርባታል። ወንዱ ቃሉን ብሎ ወደ ጓደኞቹ ይመለሳል። እሷ ግን ይዛው ወደ ሰፈሯ ትገባለች። ወንዱን በዚያው መጠን የሚጎዳው ቃል በቋንቋችን የለም። ስለዚህ መመለስ አትችልም።

ሦስተኛው በሽታንና ጉዳትን ስድብ ማድረግ ነው። "ዕውር ነህ እንዴ?" "ደንቆሮ!" "ቆማጣ!" ይህን የመጨረሻውን ስሰማ ቢሲዲሞ ትዝ ይለኛል። ከሐረር ወደ ባቢሌ ስትሄዱ የምታገኙት፣ በጀርመኖች እርዳታ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመው ሆስፒታል ነው። እዚያ የታከሙ ሰዎችን አውቃለሁ። ሥጋ ደዌ ዛሬ በመድኃኒት ይድናል። እንደ ዓይነቱ 6 ወይም 12 ወር መውሰድ ነው፤ መድኃኒቱም በነፃ ይሰጣል። ሰው ግን ቆዳው ላይ ምልክት እያየ ስሙን ፈርቶ ይደበቃል። ሲዘገይ ነው ጣቱ የሚጎዳው። ስሙን አስፈሪ ያደረግነው እኛ ነን፣ ኳስ በሳተ ልጅ ላይ ሳይቀር ስንጮህበት።

ስለ ስልኩ አጭር ነገር ልበል። ድሬ ላይ ልጆች በብሔርም በሃይማኖትም ይቀላለዳሉ። ጎረቤት ናቸው፤ በአረፋም በፋሲካም አንድ ገበታ ላይ ስለሚቀመጡ ይችሉታል። ያንኑ ቀልድ ቲክቶክ ላይ ስትጥሉት ግን ገበታው አብሮ አይሄድም። የሚያየው የማያውቃችሁ ሰው ነው። የሚመታበትም እናንተን አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መኖሩንም እወቁ። እኔ ግን ከሕጉ በፊት የምፈራው ሌላ ነው፤ ቀልዱ ተቆርጦ ሩቅ ሰፈር ሄዶ እዚያ ሰው ያጣላል።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ "ሲስተር፣ እኛ ራሳችን ነን የምንሰደበው" ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። አለቃ ይሳደባል፣ ደንበኛ ይሳደባል፣ አስታማሚ ይሳደባል። አስታማሚው ከሆነ ታገሱት፤ ፍርሃቱ ነው የሚናገረው። ስሙን ጠይቁት፤ በስሙ ስትጠሩት ድምፁ ይወርዳል። አለቃ ከሆነ ግን ዝም አትበሉ። በሰው ፊትም አትመልሱለት። ቁጣው ሲበርድ ቢሮው ገብታችሁ "በሥራዬ ይውቀሱኝ፣ በስሜ ይጥሩኝ" በሉት። ይህችን አባባል ለብዙ ጀማሪ ነርሶች ሰጥቻቸዋለሁ፤ አብዛኛው አለቃ ደንግጦ ይሰማል። ካልሰማ የተባለውን ቃል ከነቀኑ ጻፉት፣ የሰማ ሰውም ያዙ። ስድብ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ተሰዳቢው አቤቱታ ካቀረበ የሚያስቀጣ ጥፋት ነው። ሁሉም ክስ ይመሥርት እያልኩ አይደለም። መብት እንዳላችሁ ስታውቁ ግን ወገባችሁ ቀና ይላል።

የሰደባችሁት እናንተ ከሆናችሁስ? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ይቅርታ ጠይቁ፤ የምትጠይቁት ደግሞ ስድቡን የሰማው ሰው ባለበት ይሁን። ሻይ ቤቱ ውስጥ ሦስት ጓደኞቻችሁ ሰምተው ከሆነ ሦስቱ ተቀምጠው እያሉ ልጁን በስሙ ጠርታችሁ "ትናንት ያልኩህ ልክ አልነበረም" በሉት። ጥግ ወስዶ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ጉርሻ ማስጨበጥ ይቅርታ አይደለም። ልጁ አፍሮ "ኧረ ምንም አይደል" ሊላችሁ ይችላል። ቢላችሁም ጨርሱት፤ ጓደኞቻችሁ ይስሙ።