ወረንጦውን አስቀምጪው

ይድረስ ለእትዬ፣

እንዴት ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ዛሬ ግን እስከ መጨረሻው ልጽፈው ቆርጫለሁ።

ዕድሜዬ 28 ነው። ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ ከተማ 2ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ችግሬ አገጬና መንጋጭላዬ ሥር የሚበቅለው ፀጉር ነው። ለስላሳ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ጥቁር ነው፣ ወፍራም ነው፣ ሲነኩት ይዋጋል። የጀመረኝ በ19 ዓመቴ ነው። ያኔ ሦስት አራት ፍሬ ነበር። አሁን መቁጠሩን ትቼዋለሁ።

በየቀኑ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል እነሣለሁ። መስኮቱ ሥር መስታወት ይዤ እቀመጥና በወረንጦ አንድ በአንድ እነቅላለሁ። አንዳንዱ ከቆዳዬ ሥር ተጠምዝዞ ይቀራል፤ እሱን ለማውጣት በመርፌ እጭራለሁ። አገጬ እየጠቆረ መጥቷል። ትምህርት ቤት ነጠላዬን እስከ አፌ ተከናንቤ ነው የምገባው። ሰው ብርድ የምፈራ ይመስለዋል።

ባለፈው ሰኞ አንድ ተማሪዬን እጁን ይዤ “ጸ”ን እያጻፍኩት ነበር። ነጠላዬ ወረደ። ልጁ ጠመኔ በነካው ጣቱ አገጬን ነካ አደረገና “ቲቸር፣ እንደ አባቴ ጺም አለሽ” አለኝ። ክፉ አስቦ አይደለም። እንዲያውም ደስ ብሎት ነው የተናገረው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ተደፍቼ ዋልኩ።

እናቴ “የአባትሽ እናትም ነበራት፤ ሰባት ልጅ ወልዳ አሳድጋለች፤ ተዪው” ትለኛለች። የአክስቴ ልጅ ደግሞ አዲስ አበባ ኤሌክትሮሊሲስ የሚባል ሕክምና የሚሰጥ ቦታ አግኝታልኛለች። ስደውልላቸው “በሦስት ጊዜ ድራሹ ይጠፋል” አሉኝ። ሠርጌ ለጥር መጨረሻ ተቆርጧል። አሁን ጥቅምት ነው። እጮኛዬ ምንም አያውቅም። ቡና ስንጠጣ እንኳ ለብርሃኑ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምቀመጠው።

ልጀምረው ወይስ ይቅርብኝ? ያማል? ጠባሳ ይተዋል? ለእሱስ ልንገረው? የወር አበባዬም አንዳንዴ ሁለት ወር ይዘላል፤ ይህ እንኳ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም መሰለኝ። ለማድያት የምቀባው ቅባትም አለኝ፣ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ሕክምናው ላይ ችግር ያመጣ ይሆን?

ነጠላዬን የማላወርደው እህትዎ፣ ከምሥራቅ ጎጃም

*

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። እኔም የጎጃም ልጅ ነኝ። እናቴ ከማተቧ ላይ የማትለያት አንዲት ትንሽ ወረንጦ ነበረቻት። የአገጭ ፀጉር ለመንቀል አልነበረም። ትራኮማ ይዟት የዓይኗ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኗን ይወጋት ነበር። እኔ ደጃፍ ላይ ከፀሐዩ ፊት አስቀምጫት አንድ በአንድ እነቅልላት ነበር። በነቀልኩ በሁለትና በሦስት ሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። የሚመለሰው ደግሞ አጭርና ሹል ስለሚሆን ሲወጋት ይብስ ነበር።

ይህን የማነሣልሽ በምክንያት ነው። ኤሌክትሮሊሲስ የተጀመረው በውበት ሳሎን አይደለም። ቻርልስ ሚሸል የሚባል የአሜሪካ የዓይን ሐኪም እንደ እናቴ ያለ የተቀለበሰ ሽፋሽፍት ለማከም ተጠቀመበት። ሥራውን ለሕዝብ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1875 ነው። ስለዚህ ሕክምናው የቅንጦት ነው ብሎ የሚያሸማቅቅሽ ካለ አትስሚው። ሲጀመር የታሰበው ከወረንጦ መገላገል ላቃተው ሰው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከፀጉር የማትወፍር ቀጭን መርፌ ፀጉሩ በወጣበት ቀዳዳ በኩል እስከ ሥሩ ትገባለች። ከዚያ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይለቀቃል። አንደኛው ዓይነት እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ያለውን ጨውና ውኃ ወደ ኮስቲክ ሶዳ ይለውጠዋል፤ ሳሙና የሚሠራበት ማለት ነው። እሱ ሥሩን ያቃጥላል። ሁለተኛው በሙቀት ያቃጥላል፣ ፈጠን ይላል። ሦስተኛው ሁለቱን ይቀላቅላል። በደንብ የተመታ ፀጉር በወረንጦ ሲያዝ ሳይጎትት ሸርተት ብሎ ይወጣል። እንደ ድሮው እየጎተተ የሚያምሽ ከሆነ ሥሩ አልተነካም ማለት ነው። ይህን ምልክት ልብ በዪ፤ የባለሙያውን እጅ የምታውቂው በዚህ ነው።

“በሦስት ጊዜ ድራሹ ይጠፋል” ላሉሽ ሰዎች ግን ገንዘብሽን አትስጪ። ሰርዶን ታውቂዋለሽ፤ በማጭድ ብታጭጂው ይመለሳል፣ ሥሩን ካላወጣሽው። ወረንጦም ምላጭም ማጭድ ናቸው። ኤሌክትሮሊሲስ ሥሩን ያወጣል፣ እውነት ነው። ነገር ግን የጤፍ ማሳ አንዴ ታርሞ አይተውም። ዛሬ የምታርሚው ዛሬ የወጣውን ነው። ከመሬት በታች ያለው ከሳምንታት በኋላ ብቅ ይላል። ፊትሽ ላይ ያለው ፀጉርም እንዲሁ ነው፤ ገሚሱ እያደገ ነው፣ ገሚሱ አርፎ ተኝቷል። መርፌዋ በትክክል የምትሠራው እያደገ ባለው ላይ ነው። ስለዚህ ሥራው ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል ይፈጃል፣ አንዳንዴም ከዚያ ይበልጣል። መጀመሪያ ላይ ቀጠሮው ይበዛል፤ ኋላ ላይ እየራቀና እያጠረ ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። “ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም መሰለኝ” ብለሽ የጻፍሽው ነገር፣ እህቴ፣ ከሁሉም በላይ የሚገናኘው እሱ ነው። የወር አበባሽ ሁለት ወር የሚዘል ከሆነና አገጭሽ ላይ ወፍራም ፀጉር ካለ፣ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠረጥረው ፒሲኦኤስ የሚባለውን የሆርሞን መዛባት ነው። በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ 10 ሴቶች አንዷን ያህል ያገኛታል፤ ብዙዎቹ ግን እንዳለባቸው አያውቁም። የአያትሽ ነገርም ሊሆን ይችላል፤ በዘር የሚመጣ፣ ምንም በሽታ የሌለበት ፀጉር አለ። በዓይን አይቶ ግን መለየት አይቻልም።

ስለዚህ አዲስ አበባ ከመውረድሽ በፊት ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የማህፀን ሐኪም ጋ ቅረቢ። የወር አበባሽ የመጣባቸውን ቀኖች ጽፈሽ ሂጂ። የሆርሞን የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ይታዘዝልሽ ይሆናል። ሁሉም በአንድ ቦታ ላይገኝ ይችላል፤ ባሕር ዳር ድረስ ቢልኩሽም አይክበድሽ። ሆርሞኑ ካልተስተካከለ መርፌዋ የነቀለችውን ትነቅላለች፣ አጠገቡ ያለው ለስላሳ ፀጉር ግን እየወፈረ ይተካል። ገንዘብሽ ያልቃል፣ አገጭሽ እንዳለ ይቀራል። የሚዋጥ መድኃኒት ከታዘዘልሽ ደግሞ ለውጡን ለማየት ስድስት ወር ያህል መታገስ አለብሽ። ልታገቢ መሆንሽን፣ ልጅም የምታስቢ ከሆነ እሱንም ለሐኪሙ ንገሪው። ለፀጉሩ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ በእርግዝና ጊዜ አይወሰዱም።

ፒሲኦኤስ ነው ቢሉሽ “መካን ነኝ” ብለሽ አታልቅሺ። አለባቸው ተብለው የወለዱ ሴቶች በጣም ብዙ ናቸው። የከበዳቸውም ሕክምና አላቸው። አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅሽ። ፀጉሩ በጥቂት ወራት ውስጥ በድንገት ከበዛ፣ ድምፅሽ ከወፈረ ወይም የራስ ፀጉርሽ እንደ ወንድ ከተመለጠ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ወዲያው ሐኪም ጋ ሂጂ። የአንቺ ቀስ ብሎ የመጣ ስለሆነ ይህ አይመስለኝም።

የማድያት ቅባትሽን ነገር ደግሞ በጣም ነው የምፈራው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚሸጡት የፊት ማቅያ ቅባቶች ብዙዎቹ ስቴሮይድ የሚባል ጠንካራ መድኃኒት አለባቸው። ስቴሮይድ ፊት ላይ ሲቆይ ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፣ ፀጉርም ያበቅላል። አዎ፣ ራሱ ያበቅላል። ሁለት ዓመት የተቀባሽው ምን እንደሆነ ቱቦውን ይዘሽ ለቆዳ ሐኪም አሳዪ። በአንድ ቀን አሽቀንጥረሽ እንዳትጥዪው፤ ስቴሮይድ ከሆነ በድንገት ሲቆም ፊትሽ ሊቆጣ ይችላል። አቋቋሙን ሐኪሙ ያሳይሽ። የሳሳ ቆዳ ላይ መርፌ ማስገባትም ጥሩ አይደለምና ኤሌክትሮሊሲሱ ከዚያ በኋላ ይሁን።

ይህን ሁሉ ካለፍሽ በኋላ ጀምሪው። በሙሉ ልቤ ነው የምልሽ። ፀጉርን ለዘለቄታው ያስወግዳል ብሎ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተቀበለው ኤሌክትሮሊሲስን ብቻ ነው። በብርሃን ፀጉር የሚያቃጥለውን ሌዘርን የሚያውቀው ለዘለቄታው ይቀንሳል ብሎ ነው። ሌዘር የሚከተለው ጥቁር ቀለምን ስለሆነ እንደኛ ባለ ቆዳ ላይ መሣሪያው ካልተመረጠ ያቃጥላል። ለጥቁር ቆዳ የሚሻል ሌዘር አለ፤ ፊት ላይ ግን አንዳንዴ ጭራሽ ፀጉር ሲያበዛ ይታያል። የደወልሽላቸው ሰዎች “ኤሌክትሮሊሲስ” ያሉት ሌዘር እንዳይሆን፣ “እያንዳንዱ ፀጉር ውስጥ መርፌ ይገባል ወይ?” ብለሽ ጠይቂ። አይገባም ካሉሽ ሌላ ነገር ነው።

መርፌዋ አዲስ መሆን አለባት። እሽጉ ዓይንሽ እያየ ይከፈት። ለመጠየቅ አትፈሪ፤ ገንዘቡ የአንቺ፣ ፊቱም የአንቺ ነው። የኛ ፀጉር ከሥሩ ጠምዘዝ የሚል ስለሆነ ባለሙያው በእንዲህ ያለ ፀጉር ላይ የሠራ ይሁን። መጀመሪያ ከመንጋጭላሽ ሥር፣ የማይታይ ቦታ ላይ ጥቂት ፀጉር ብቻ ያስሞክሩሽ፤ ቆዳሽ እንዴት እንደሚሽር ከሳምንታት በኋላ እዪው። ጆሮሽን ስትበሺ ወይም ስትነቀሺ ጠባሳሽ ከቁስሉ አልፎ ያበጠ ከነበረ ቀድመሽ ተናገሪ፤ ያ ኬሎይድ ነው፣ ውሳኔውን ይለውጠዋል። ልብሽ ላይ የተተከለ መሣሪያ ካለ ወይም ካረገዝሽም መናገር አለብሽ።

ያማል ወይ ላልሽኝ፣ አዎ ያማል። ሳማ እንደነካሽ ነው፣ ከሙቀት ጋር። ከከንፈር በላይ ይብሳል፣ አገጭ ላይ ይሻላል። የሚያደነዝዝ ቅባት አለና ጠይቂያቸው። ሲያልቅ ፊትሽ ያብጣል፣ ይሞቃል፤ ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክረሽ ያዢበት። በማግስቱ የጤፍ ፍሬ የሚያህል ቅርፊት ሊወጣ ይችላል። በጥፍርሽ አትንኪው። ጠባሳና ጥቁር ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከመጫር ነው። ከፀሐይም ተጠንቀቂ፣ ጥላ ያዢ።

አሁን የሚከብድሽን ልንገርሽ። ከዛሬ ጀምሮ ወረንጦውን አስቀምጪው። ፀጉሩ ከተነቀለ መርፌዋ የምትከተለው ነገር የለም፤ እስኪበቅል ሳምንታት ትጠብቂያለሽ። አገጭሽን ያጠቆረውም መንቀሉና በመርፌ መጫሩ ነው እንጂ ፀጉሩ አይደለም። በትንሽ መቀስ ከርክሚው፣ ካስፈለገም ተላጪው። ምላጭ ፀጉር ያወፍራል የሚባለው ልክ አይደለም። ጫፉ በሹል ፋንታ ደፍጠጥ ብሎ ስለሚቆረጥ ሲነኩት የወፈረ ይመስላል እንጂ ሥሩ እንዳለ ነው። ከቀጠሮሽ በፊት ለጥቂት ቀናት ብቻ መርፌዋ እንድታገኘው አሳድጊው። እነዚያን ቀናት ነጠላው ይሸፍንሽ፣ ምንም አይደለም።

ለጥር አይደርስም። ይህን ከአሁኑ ተቀበዪው። ምርመራሽ በሰላም አልቆ ከሠርግሽ በፊት ብትጀምሪ እንኳ የመጨረሻው ቀጠሮ ከሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ይሁን፤ ሙሽራ ሆነሽ ቅርፊት ላይ ሜካፕ እንዳይጫንብሽ። ከዚያ በኋላ ረዘም ያለውን ቀጠሮ ለክረምት አድርጊው። ዓባይን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር መመላለስ በሥራ ቀን አይሆንም፤ መንገዱም እንደ ድሮው አይደለም። “ከሩቅ ነው የምመጣው” ብለሽ ንገሪያቸው። ሲሠሩልሽ ግን ጎን ለጎን ያለውን ሁሉ በአንዴ ሳይሆን እያፈራረቁ ይንቀሉ፣ ቆዳሽ እንዳይጎዳ።

ለእጮኛሽ ንገሪው። ከሠርጉ በፊት፣ በቀላል ቃል። “አገጬ ላይ ፀጉር ይወጣል፤ ሐኪም ጋ ልሄድ ነው፤ ዓመት ይፈጃል” በዪው። የምትሄጂው ሆስፒታል ነው፣ ደም ትሰጫለሽ፣ መድኃኒት ትውጫለሽ። ይህን ሁሉ ከአንድ ጣሪያ ሥር ደብቀሽው ልትኖሪ አትችዪም። ደግሞም ቡና ስትጠጡ ፊትሽን ወደ ብርሃኑ አዙረሽ ብትቀመጪ ደስ ይለኛል።

ልጁንም አትቀየሚው። ሰኞ “ጸ”ን ጨርሶ ይጽፍ ዘንድ እጁን ያዢው።

የምርመራሽ ውጤት ሲመጣ ጻፊልኝ፤ ወረቀቱ ላይ ያልገባሽ ቃል ካለ እሱንም ላኪልኝ።