ጋቢ ለብሰን የምንጽፍበት ስማርት ቦርድ የቱ ነው?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው። ወላጆች ባዋጡት ገንዘብ ለሁለት ክፍል ስማርት ቦርድ (በጣት ወይም በእስክሪብቶ የሚጻፍበት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ልንገዛ ነው። ሦስት ሻጮች መጥተውልናል። የመጀመሪያው ኢንፍራሬድ ነው፣ ሃያ ጣት በአንዴ ይቀበላል ይላል። ሁለተኛው እንደ ስልክ ስክሪን ያለ ካፓሲቲቭ ነው፣ ዋጋው ግን በጣም ይለያል። ሦስተኛው ያገለገለ ሰሌዳ ከነፕሮጀክተሩ በርካሽ አቅርቧል፣ የሚጻፍበት በራሱ እስክሪብቶ ብቻ ነው። ክፍሎቻችን የጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ይገባባቸዋል። ጠመኔም ገና አልተውንም። የቱን እንውሰድ?
መምህርት ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ መምህርት፣ ኢንፍራሬዱን ውሰዱ። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ግን እዚያው ክፍላችሁ ውስጥ፣ ጠዋት ፀሐይዋ ስትገባ ይሞከር። ሻጩ "ሱቅ መጥታችሁ እዩት" ካለ እሺ እንዳትሉ፣ ሱቅ ውስጥ ሁሉም ጥሩ ይሠራል።

አሠራሩን ካወቃችሁ ምን እንደምትሞክሩም ይገባችኋል። በስክሪኑ ዙሪያ ያለው ፍሬም ውስጥ ኢንፍራሬድ የሚባል፣ ዓይን የማያየው ብርሃን የሚለቁ ጥቃቅን መብራቶች ተደርድረዋል፣ በተቃራኒው ጠርዝ ደግሞ ያንን ብርሃን የሚቀበሉ ሴንሰሮች አሉ። ጣት መሀል ሲገባ ብርሃኑ ይጋረዳል፣ ከጎንም ከላይም የት ላይ እንደተጋረደ ተሰልቶ ቦታው ይታወቃል። መስታወቱ ራሱ ምንም አይሰማውም። ስለዚህ ብርሃኑን የጋረደ ነገር ሁሉ እንደ ጣት ይቆጠራል፦ ጓንት ያደረገ እጅ፣ የእርሳስ ጫፍ፣ መጠቆሚያ እንጨት። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ለሚያስተምር ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ካፓሲቲቭ የሚያነበው ጣታችን ሲጠጋው የሚለወጠውን የኤሌክትሪክ መስክ ስለሆነ ወፍራም የሱፍ ጓንት ካደረጋችሁ ብዙ ጊዜ አይሰማም።

የኢንፍራሬዱ ችግርም የሚመጣው ብርሃኑን የጋረደውን ሁሉ ጣት ከማለቱ ነው። ጋቢ ደርባችሁ ክንዳችሁን ስታነሱ ጫፉ ስክሪኑ ላይ ይንጠለጠላል፣ ቦርዱም እሱን ጣት ነው ብሎ ወይ መስመር ያሰምራል ወይ ገጹን ይገለብጠዋል። ጋቢውን በማይጽፈው ትከሻ በኩል መለስ አድርጋችሁ፣ ከጣት ይልቅ ረዘም ባለ እስክሪብቶ ብትጽፉ አብዛኛው ይቀራል።

ሁለተኛው ነገር ብርሃኑ የሚያልፈው መስታወቱን ተጣብቆ አይደለም፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። እስክሪብቶው መስታወቱን ሳይነካ መጻፍ ይጀምራል፣ ሲነሳም ወዲያው አይለቅም። ለእኛ ፊደል ይሄ ቀላል ጉዳይ አይደለም። "ለ" ብላችሁ እጃችሁን ስታነሱ ከቀኝ እግሩ ሥር ትንሽ ጭረት ካስከተለ ለልጁ "ሊ" ሆኖ ይነበባል፣ መሀሉ ላይ ከጎተተ ደግሞ "ሉ"። አንደኛ ክፍል ላይ ፊደል ለሚለይ ልጅ እንዲህ ያለ ቦርድ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል። ስለዚህ ሻጩ የከፈተላችሁን ሥዕልና ቪዲዮ ተዉት። በፍጥነት፣ ሁልጊዜ በምትጽፉበት መጠን፣ ከ"ለ" እስከ "ሎ"፣ ከ"ጠ" እስከ "ጦ" ጻፉበት። ከኋላ ወንበር ሆኖ የሚያነብ አንድ ልጅ ቁጭ አድርጉ። ልጁ ሳይደናገር ካነበበው ቦርዱ ደህና ነው።

ፀሐይን በተመለከተ፣ የፀሐይ ብርሃን ውስጥም ያው ኢንፍራሬድ በብዛት አለ። ቀጥታ ፍሬሙ ላይ ሲያርፍ ሴንሰሮቹ ይደነጋገራሉ፣ ማንም ሳይነካው ቦርዱ በራሱ ይጽፋል ወይም ጭራሽ አይሰማም። ወፍራም መጋረጃ ስቀሉ፣ ወይም ቦርዱን ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ ላይ አድርጉት። የጠመኔ ብናኝም ጠርዙ ላይ ሲከማች እንዲሁ ነው። ጥቁር ሰሌዳውን ከስማርት ቦርዱ ራቅ አድርጋችሁ፣ ፍሬሙን ውስጥ ውስጡን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ቶሎ ቶሎ ጥረጉት።

ካፓሲቲቭ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ብናኝም ፀሐይም ለንክኪው ግድ አይሰጡትም፣ አጻጻፉም የተሻለ ንጹሕ ነው። ፀሐዩን በምንም መከለል የማይቻል ከሆነና ብሩ ከተረፋችሁ እሱን ግዙ። ግን መስታወቱ ቢሰነጠቅ ንክኪውም አብሮ ሊሄድ ይችላል፣ የኢንፍራሬድ ፍሬም ግን ብዙውን ጊዜ ለብቻው ይቀየራል። ለእያንዳንዱ ብልሽት 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ለሚወስድ ትምህርት ቤት ይሄ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ባለ እስክሪብቶው ከጀርባው የሽቦ መረብ አለው፣ የሚያውቀውም የራሱን እስክሪብቶ ብቻ ነው። መዳፋችሁን አሳርፋችሁበት ብትጽፉ አይሳሳትም፣ ገጹም ጠንካራ ነው፣ ይሄ መልካም ጎኑ ነው። ነገር ግን እስክሪብቶው የጠፋ ቀን ቦርዱ ተራ ግድግዳ ነው። ለአሮጌ ሞዴል መለወጫ ማግኘት ደግሞ ከባድ ነው። ሻጩ ሁለትና ሦስት መጠባበቂያ ካልሰጣችሁ አትንኩት።

ሃያ ጣት የሚለውን ተዉት። በአንድ ጊዜ ሰሌዳ ላይ የሚወጡት ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ልጆች ናቸው። ለቁጥሩ የምትጨምሩትን ብር ለመጋረጃና ለዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ለሚያቆይ ባትሪ) አውሉት፣ የእናንተን መብራት እናንተ ታውቁታላችሁ።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ነኝ። የእኛ ቦርድ በፕሮጀክተር ነው የሚሠራው። የምጽፈው ጣቴ ካረፈበት አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ይወጣል። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም ወንድሜ፣ ፕሮጀክተሩ ቦታውን ስቶ ነው። ሥዕሉ ሲንቀሳቀስ ቦርዱ የድሮውን ቦታ ይዞ ይቀራል። ሶፍትዌሩ ውስጥ ካሊብሬሽን (የንክኪ ቦታ ማስተካከያ) የሚለውን ክፈትና የሚያሳይህን ምልክቶች መሀላቸውን እየነካህ ጨርስ፣ ይስተካከላል። ፕሮጀክተሩ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ግን ልጅ ገፋ ባደረገው ቁጥር ይመለስብሃል፣ ጣሪያው ላይ አስሰቅለው።